ግማሹ የታወረው መነጽር

ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም፣ ብሎክ አሥራ ሰባት ላይ ወሬ የሚወለደው ልብስ ማስጫው ጋ ነው። ባለፈው ጥቅምት የተወለደው ደግሞ እንዲህ የሚል ነበር፦ የበር ጥበቃው ፈቀደ የሩቅ ማያ መነጽር ገዝቷል፤ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ይወጣና በሻወር ቤት መስኮት ሴት ያያል። በማግስቱ ወሬው ጥርስ አበቀለ። "አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ነው አሉ የሚያየው" ተባለ። አንድ ዓይን ጨፍኖ ማየት ሁለቱን አፍጥጦ ከማየት በምን እንደሚብስ የጠየቀ የለም፤ ብቻ ብልግናው የተጠና መሰለ። በሦስተኛው ቀን ለምትታየዋ ሴት ስም ተገኘላት። ሴትዮዋ ልጇን ልታርስ ሐዋሳ ከሄደች ወር አልፏት ነበር፤ ወሬው ግን እስክትመለስ የሚጠብቅበት ትዕግሥት አልነበረውም።

እውነቱ ይሄ ነው። መነጽር ገዝቷል። አራተኛ ፎቅ ወጥቷል። አንድ ዓይኑንም ጨፍኗል። ሴት ግን አላየም። ያይ የነበረው የወጨጫን ተራራ ነው፤ ከተራራውም ወገቡ ላይ ለብቻዋ የቆመችን አንዲት ጥድ። ሴት አይቶ ቢሆን ይሻለው ነበር።

ፈቀደ የተወለደው ኮልፌ አጠና ተራ ነው። አባቱ ከዳውሮ መጥቶ የባሕር ዛፍ አጠና ሲነግድ ኖሮ እዚያው ያረፈ ሰው ነበር። የአጠና ተራ ሰው አጠና የሚመርጠው በሜትር አይደለም፤ አንዱን ጫፍ መሬት አስነክቶ ሌላውን ጉንጩ ሥር ያደርግና፣ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ በቀኙ እስከ ጫፉ ይከተለዋል። አጠናው ጠማማ ከሆነ ወገቡ ላይ ይናዘዛል። ፈቀደ በዚህ የተመሰከረለት ነበር፤ "ፈቀደ ያየው ነው" ከተባለ ግንበኛው ሳያገላብጥ ያስጭናል። አንድ ቀን የአደን ድርጅት ያለው ሰው ለድንኳን ምሰሶ አጠና ሊገዛ መጣ፤ አመራረጡን ቆሞ አየ፤ ከአጠናው ጋር ፈቀደንም ጭኖት ሄደ።

ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት፣ የአደን ወራት በደረሰ ቁጥር ፈቀደ አርሲ ተራራ ላይ ነው። ፈረንጆቹ ውድ ውድ መነጽራቸውን እየወለወሉ ሳለ እሱ በባዶ ዓይኑ "ያውና፣ ከቀይዋ ድንጋይ በላይ፤ ወንድ ነው፤ የግራ ቀንዱ ጫፍ ተሰብሯል" ይላል። ርቀቱንም ይጨምራል። ሁለት መቶ አርባ እርምጃ ካለ ሁለት መቶ አርባ ነው። እዚያ ስሙን ትተው "ዓይናማው" ይሉታል። የተረፈውን የዓመቱን ወራት ዓለም ባንክ በር ላይ ተቀምጦ የሚገባ የሚወጣውን መኪና ይቆጣጠራል፤ እዚህ ደግሞ ስሙ "ዘበኛ፣ በሩን" ነው።

ሚስቱ ብርቅዬ አንድ ነገር መለወጡን ያየችው ፋሲካ ሰሞን ነበር። ውሃ ልታቀብለው በቀኙ በኩል ስትጠጋ ደንግጦ ብርጭቆውን ከእጇ አስጣላት።

"ምን ነካህ? ጅብ መሰልኩህ?"

"አዳኝን ሰው በድንገት አይጠጋውም" አላት እየሳቀ። "በቀኜ ስትመጪ ጉሮሮሽን ጠርገሽ፣ እህ እያልሽ ነይ።"

ቀልድ መስሏት ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠባቧ ቤት ውስጥ እንደ ዕድር ዳኛ "እህ" እያለች ትዞር ጀመር። ፈቀደም ቀልድ ነው ብሎ ራሱን ሊያሳምን ሞከረ። ቀኝ ዓይኑ ፊት ጉም ቢጤ ከተቀመጠ ሰነባብቷል። መጀመሪያ ጉንፋን አለው፤ ቀጥሎ የጌጠኛ ድንጋዩ አቧራ አለው፤ በመጨረሻ ስም ማውጣቱን ተወው። ሐኪም ዘንድ አልሄደም። ሐኪም ወረቀት ይጽፋል፤ ወረቀት ደግሞ እግር አለው፤ ዮኤል ቢሮ ድረስ ይሄዳል።

ዮኤል የአደን ድርጅቱ ባለቤት ልጅ ነው፤ አባቱ ካረፈ ወዲህ ሥራው በእጁ ገብቷል። መስከረም መጨረሻ ላይ ደወለ።

"ጋሽ ፈቀደ፣ ኅዳር ላይ አንድ እንግዳ አለን። ለደጋ አጋዘን ነው የሚመጣው። አንድ ፈቃድ፣ አንድ ወንድ።"

"እሺ የኔ ጌታ፣ ጫማዬን ልወልውላ።"

"አንድ ነገር አለ። ዘንድሮ ድርጅቱ መነጽር አይሰጥም፤ አምና ሁለት ጠፋብን። ሁሉም የራሱን ይዞ ይምጣ። ውድ ይሁን አላልኩም፤ የልጅ መጫወቻ ብቻ አይሁን። መካከለኛ ይበቃል።" ዮኤል ጨመረበት። "ካልተመቸዎት ደግሞ ገመቹ የራሱ አለው። እሱ ይምራን፣ እርስዎ ካምፕ ያርፋሉ።"

ገመቹ ፈቀደ ራሱ ዱካ ማንበብ ያስተማረው የአርሲ ጎልማሳ ነው። ፈቀደ ደግሞ "ያርፋሉ" የምትለውን ቃል ያውቃታል። ከእንግዲህ ዓመቱን ሙሉ ዘበኛ ነህ ማለት ናት።

"አርፌ አላውቅም። መነጽሬን ይዤ እመጣለሁ" አለ።

ኮልፌ አሥራ ስምንት አካባቢ አልፊያ የምትባል ሴት ጠባብ ሱቅ አላት። አገር ለቀው የሚሄዱ ፈረንጆች የሚሸጡትን ዕቃ እየገዛች ትሸጣለች፤ ካሜራ፣ ሬዲዮ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ ዓመት ሙሉ ገዢ ያጣ የፈረስ ኮርቻ። ፈቀደን ከአጠና ተራ ዘመኑ ጀምሮ ታውቀዋለች።

"ባይናኩላር ለምንዎት ነው ጋሽ ፈቀደ? በር ላይ ቁጭ ብለው ማንን ሊያዩ?"

"ሌባው ገና ከሜክሲኮ ታክሲ ሲሳፈር ልየው ብዬ ነው።"

ሦስት ዓይነት አወጣችለት። የመጀመሪያው ርካሹ ነው፤ መስታወቱ ቀይ ቅብ አለው። ፈቀደ ወደ ፊቱ እንኳ አላስጠጋውም።

"ይሄ ለልደት ስጦታ ይሆናል። ቀዩ ቅብ አመሻሽ ላይ አጋዘኑንም ቁጥቋጦውንም አንድ ያደርገዋል። ደሞ አሥራ ሁለት ጊዜ ያቀርባል ተብሎ ተጽፎበታል። ዳገት ወጥተሽ ልብሽ ሲመታ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ የሚያቀርብ መነጽር አሥራ ሁለት ጊዜ ነው የሚያንቀጠቅጥሽ። ለአደን ስምንት ይበቃል።"

ሁለተኛው መካከለኛው ነው፤ አዲስ፣ ከነካርቶኑ፣ ስምንት ጊዜ የሚያቀርብ። ፈቀደ እጁን ዘርግቶ አራቀውና በዓይን በኩል ያለውን መስታወት አየ፤ መሐሉ ላይ ያለችው የብርሃን ነጥብ ድፍን ክብ ናት። ርካሽ ቢሆን ጠርዟ ይቆረጥ ነበር። ነቀነቀው፤ ውስጡ የሚንኳኳ የለም። አሸተተው፤ ሻጋታ የለም። ደጃፉ ላይ ቆሞ ወደ መስጊዱ ሚናራ አነጣጠረ። መነጽር የሚፈተነው አንድ አንድ ዓይን እየጨፈኑ ነው። ቀኙን ጨፈነ፤ ሚናራው ጫፍ ላይ ያረፈችው እርግብ እግሯ ሳይቀር ታየችው። ግራውን ጨፈነ።

"አልፊያ፣ የቀኙ ቱቦ እርጥበት ገብቶበታል።"

ተቀብላ በጨርቅ ወልውላ መለሰችለት። ያው ነው። ከዚያው ዓይነት ሌላ ካርቶን ከፈተችለት። አሁንም ቀኙ ጉም ነው።

"አብረው የመጡ ናቸዋ። መርከብ ላይ ረጥበው ነው" አለ ፈቀደ።

አልፊያ ፊቱን ሰረቅ አድርጋ አየችው። ሦስተኛውን ከቆዳ ማኅደሩ አወጣች፤ አሮጌ፣ ከባድ፣ የኦስትሪያ ሥራ። "ደህና ቢሆን ውዱ ይሄ ነበር" አለች። "እውነቱን ልንገርዎት፣ የቀኙ ቱቦ ውስጡ ሻግቷል። የሚጠግነው ሰው አጣሁ።"

ፈቀደ በግራው አየ።  ሃያ ስድስት ዓመት እንግዶች አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ያየው ዓይነት መስታወት ነው፤ እርግቧን ብቻ ሳይሆን ክንፏ ጥላ ሥር ያለውን ላባ አንድ በአንድ ለየለት። ቀጥሎ በቀኙ አየ።

"አዎ፣ ሻግቷል። ልክ እንደነዚያ ነው።"

"ልክ እንደነዚያ?" አለች አልፊያ።

መካከለኛውን አነሳችና ራሷ አየችበት፤ በግራም በቀኝም። ከዚያ ላዩን ወደ ታች ገለበጠችው። እንዲያ ሲገለበጥ የቀኙ ቱቦ ወደ ግራ ዓይን ይዞራል። "እስቲ እንዲህ ሆኖ ይዩበት" ብላ ሰጠችው።

በግራ ዓይኑ አየ፤ ቅድም እርጥበት ገብቶበታል ባለው ቱቦ እርግቧ ጥርት ብላ ቆማለች። በቀኝ ዓይኑ አየ፤ ቅድም ጥርት ያለው ቱቦ ጉም ሆኗል። ጉሙ መነጽሩን ትቶ ከእሱ ጋር ቀርቷል።

ፈቀደ መነጽሩን ከፊቱ አላነሳም። ሰው ፊቱን ማሳየት በማይፈልግበት ሰዓት መነጽር ጥሩ መደበቂያ ነው።

"መቼ ጀመረዎት?" አለች አልፊያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"አሮጌውን በስንት ትሸጪዋለሽ?"

"ጋሽ ፈቀደ።"

"በስንት?"

"ግማሹ ሞቶ በስንት እሸጠዋለሁ? በመካከለኛው ዋጋ።"

"የኔም ግማሹ ሞቷል። ተገናኝተናል።"

አልፊያ አልሳቀችም። "አዲሱን ይውሰዱ። ሁለቱም ደህና ነው፤ ነገ ሲታከሙ ይሆንዎታል።"

ፈቀደ ግን የአጠና ተራ ልጅ ነው፤ ለማይጠቀምበት ነገር አይከፍልም። አዲሱን ቢገዛ የቀኙ ቱቦ ለማን ነው? የአሮጌው ግራ ብቻውን ከአዲሱ ሁለቱም ይበልጣል፤ ሌላው መነጽር ከጨለመበት በኋላ አሥር ደቂቃ ይጨምራል፤ ሽማግሌ አጋዘን ከተደበቀበት የሚወጣው ደግሞ በዚያች አሥር ደቂቃ ነው። ያሰበው ሁሉ ልክ ነበር። የረሳው ነገር ቢኖር፣ መነጽሩን ካወረዱ በኋላ በባዶ ዓይን የሚሄዱበት መንገድ መኖሩን ነው።

"ለዮኤል ይነግሩታል?" አለች ማኅደሩን ስታቀብለው።

"እነግረዋለሁ።"

"መቼ?"

"ከአደን መልስ።"

ጥቅምት አራተኛ ፎቅ ላይ አለቀ። ግራ ዓይኑ ልኬት አያውቅም፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲጨፈን የኖረ ዓይን ነው። ፈቀደ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ያስተምረው ጀመር። አመሻሽ ላይ የወጨጫዋን ጥድ በመነጽሩ ያያል፤ አውርዶ በባዶ ዓይኑ ይፈልጋታል፤ እንደገና ያያል። ልብስ ማስጫው ጋ የነበሩት ሴቶች ወደ ላይ ቀና ያሉት ያኔ ነው። በሳምንቱ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ እትዬ ወለተጻድቅ ነጠላቸውን እያጣፉ በሩ ላይ መጡበት።

"ፈቀደ፣ እኛ አንተን የቀጠርነው በር እንድታይ ነው።"

"አያለሁ፣ እትዬ።"

"በሩ አራተኛ ፎቅ ወጣ እንዴ? ብርቅዬን የመሰለች ሚስት ይዘህ፣ በዚህ ሽበትህ።"

"ዓይኔን ልፈትን ነው" ቢል ወሬው እዚያው ይሞት ነበር። ግን በምትኩ ሌላ ይወለዳል፤ አዳኙ ታወረ የሚል። እሱም እንደ ሐኪሙ ወረቀት እግር አለው። ፈቀደ ሁለቱን ወሬዎች አማረጠ፤ ግን እንደ አጠናው ቀና የሆነውን ሳይሆን ሊሸከመው የሚችለውን ወሰደ።

"ሁለተኛ አይለምደኝም" አላቸው።

ብርቅዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ልብስ የምታሰጣው ቤት ውስጥ፣ ወንበር መደገፊያ ላይ ሆነ። ቸርች ውስጥ አጠገቧ የምትቀመጠው ጎረቤቷ አንድ ወንበር ራቀች። ባሏን ምንም አልጠየቀችውም። "እህ" ማለቷን ግን ተወችው። ፈቀደ ይህን ያወቀው ኩሽና በር ላይ ሁለት ጊዜ ስለተጋጩ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ዝም ብላው አለፈች።

ኅዳር ላይ አርሲ ወጡ። እንግዳው ረጅም፣ ዝምተኛ ፈረንጅ ነበር። ርቀት የሚለካ መሣሪያ ይዟል፤ ጉም ባለበት ግን መሣሪያው የሚለካው ጉሙን ነው። መንገድ ላይ ገመቹ የፈቀደን የቆዳ ማኅደር አይቶ ዓይኑ ቀረ።

"ጋሼ፣ ይሄን ነገር አንዴ ያቅምሱኝ።"

"መነጽርና የጥርስ ብሩሽ አይዋሱም" አለው ፈቀደ።

በሦስተኛው ቀን፣ ሊመሽ ሲል ጉሙ ትንሽ ገለጥ አለና ፈቀደ በግራ ዓይኑ፣ በዚያ በግማሽ መነጽሩ፣ ማንም ያላየውን አየ። አስታ በሚሉት የደጋ ቁጥቋጦ መሐል አንድ ሽማግሌ ወንድ ቆሟል፤ ቀንዱ ጠምዝዘው የተዉት ብረት ይመስላል። ገመቹ በአዲሱ መነጽሩ ፈልጎ አጣው። ፈቀደ ደስ አለው። በዚያ ዓመት ደስ ያለው በዚያች ደቂቃ ብቻ ነው።

"ስንት ይሆናል?" አለ ዮኤል በሹክሹክታ።

ፈቀደ እንደ ልማዱ ቀኝ ዓይኑን ጠየቀ፤ አልመለሰለትም። ግራውን ጠየቀ፤ ግራው ገና ተማሪ ነው።

"ሁለት መቶ" አለ።

ሦስት መቶ ነበር። የእንግዳው ጥይት ዝቅ ብሎ የፊት እግሩን ከትከሻው በታች ሰበረው። አጋዘኑ ወደቀ፣ በሦስት እግሩ ተነሳ፣ አስታው ውስጥ ገባ፤ ጉሙም ከኋላው በሩን ዘጋ።

አቁስለህ ያጣኸው አጋዘን እንደገደልከው ነው የሚቆጠርብህ። ፈቃዱ አለቀ። የተገኘው ደም የነካው ሣር ብቻ ነው። ሁለት ቀን ፈለጉት። ሌላው ሸለቆውን ሲያስስ ዱካውን የያዘው ፈቀደ ነበር። ደሙ የጠፋው አንዲት የከብት መንገድ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ወጣባት፤ በሁለተኛውም ቀን ወጣባት፤ የወረደው ሁለቱንም ጊዜ በሸንተረሩ ማዶ ነው። በሁለተኛው ቀን መንገዷ አጋማሽ ላይ ቆሞ ነበር። አንድ ነገር የሚያየው መሰለው፤ አዳኝ ይህ ስሜት አይጠፋበትም። ወደ ግራ ዞረ፤ መነጽሩን አንስቶ ረጅም ጊዜ ፈተሸ። ሣሩ አንድ በአንድ ጥርት ብሎ ታየው። ምንም የለም። መንገዱን ቀጠለ።

እንግዳው አውሮፕላን ነበረበት። ገመቹ ፍለጋውን እንዲቀጥል ትተውት ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ዮኤል ፈረንጁን ሆቴሉ አውርዶ ፈቀደን እስከ ቤቱ ሸኘው።  ብርቅዬ እንግዳ ሳይቀምስ አይወጣም ብላ ሽሮ አቀረበች። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ በመስኮቱ ወጨጫ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ገና ሁለት ሦስቴ እንደጎረሱ የዮኤል ስልክ ጠራ። ገመቹ ነው። ዮኤል እጁ ወጥ ስለነካ ስልኩን በድምፅ ማጉያው ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"አገኘሁት" አለ ገመቹ።

"የት?"

"ከብት መንገዱ ዳር። ጋሽ ፈቀደ ሁለት ቀን የወጡባት መንገድ።" ነፋስ ድምፁን ወሰደው፤ መለሰው። "ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። ሣር ላይ ነው የተኛው፤ የሚከልለው ዛፍ እንኳ የለም።"

"ሞቷል?"

"አሁንማ ሞቷል። ትናንት ግን ያልሞተ ይመስለኛል። ተኝቶ በደህና እግሩ መሬቱን ቆፍሮ ቆፍሮ ጉድጓድ አድርጎታል። አፈሩ ገና እርጥብ ነው።"

ዮኤል ፈቀደን አላየውም። "ከመንገዱ በየት በኩል ነው?"

"እ?"

"ሽቅብ ስትወጣ። በየት በኩልህ ነው?"

"በቀኝ" አለ ገመቹ።

ዮኤል ስልኩን ዘጋ፤ እጁን በሶፍት ጠረገ። መነጽሩ ከነማኅደሩ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። አወጣው፤ መስኮቱ ጋ ቆሞ ወደ ወጨጫ አነጣጠረ። ልጅ ሳለ፣ በአባቱ ዘመን፣ መነጽር እንዴት እንደሚፈተን ያሳየው ፈቀደ ነው። ቀኙን ጨፍኖ በግራው አየ። ግራውን ጨፍኖ በቀኙ አየ። በቀኙ ብዙ ቆየ። ከዚያ መነጽሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠና መጥቶ ከፈቀደ ቀኝ ጎን ቆመ፤ መዳፉን ዘርግቶ ወደ ፊቱ ያስጠጋ ጀመር። አንድ ክንድ። አንድ ስንዝር። ፈቀደ ዓይኑን ሳያርገበግብ እንጀራውን ይቆርሳል።

ብርቅዬ የዮኤልን እጅ አየች። የባሏን ዓይን አየች። ወንበሩ ላይ የተሰጣውን ልብስ አየች፤ የሻሽዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች።

ፈቀደ የጎረሰውን አላምጦ ዋጠ። ሁለቱም ለምን ዝም እንዳሉ ገብቶታል፤ ዮኤል የት እንደቆመ ግን አላወቀም፤ ስለዚህ የተናገረው ፊት ለፊቱ ላለው ባዶ ወንበር ነው።

"አጋዘኑ አንዴ እህ ቢል እኮ ዞር እል ነበር" አለ።